በማን ስንዝር? የሽጉጥ እጀታና የትንሽ እጅ ታሪክ

እናቴ ስለ አያቴ ደጋግማ የምታወራው አንድ ወሬ አለ። አያቴ ገበያ ወርዳ አቡጄዲ ስትገዛ ብቻዋን አትሄድም፤ ከጎረቤት አንድ ረጅም ጎረምሳ ታስከትላለች። ነጋዴው ጨርቁን በገዛ ክንዱ መለካት ሲጀምር «ቆይማ፣ በዚህ ልጅ ክንድ ለካልኝ» ትለዋለች። ክንድ ማለት ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ነው፤ ግን የማን ክርን? የማን ጣት? አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ መለኪያ ሁሉ ባለቤት እንዳለው ግን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር።

ይህ ወሬ ትዝ ያለኝ ባለፈው ዓመት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አንድ የጦር መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ከታላቅ እህቴ ጋር ቆሜ ነው። እህቴ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ባለች ሱቅ የማታ ፈረቃ ትሠራለች። በዚያ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዋን ሁለት ልጆች ሽጉጥ ደቅነውበት የገንዘብ መሳቢያውን አራግፈው ሄደዋል። ሰውየው አልተጎዳም። እህቴ ግን ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ከመኪናዋ እስከ ቤቷ በር ያለችውን ሃምሳ እርምጃ የምትጨርሰው በሩጫ ነው። «ሽጉጥ ልገዛ ነው፤ አንተ ኢንጂነር አይደለህ? ና አብረኸኝ እይ» አለችኝ። እኔ የተማርኩት ኤሌክትሪካል ነው፣ የምሠራው ደግሞ ሶፍትዌር። ሽጉጥ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ለእህቴ ግን ኢንጂነር ማለት ብሎን ያለው ነገር ሁሉ የሚገባው ሰው ነው።

ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር። እህቴን አየት፣ እጇን አየት አደረገና «ለሴት የሚሆን አለኝ» ብሎ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ እጀታዋ ሮዝ የሆነች ሽጉጥ አወጣ። ባዶ መሆኗን ሁለት ጊዜ አሳይቶ ሰጣት። እህቴ ጥይት ለማጉረስ የሚሳበውን የላዩን ብረት ወደ ኋላ ልትስብ ሞከረች። ንቅንቅ አላለም። ደገመች፤ ፊቷ ቀላ፤ አሁንም እምቢ አለ። «ትለምጂዋለሽ» አላት። ቀጥሎ ፖሊሶች ወገባቸው ላይ የሚያደርጉትን ዓይነት ትልቅ ሽጉጥ ሰጣት። የዚህኛው ብረት ተሳበላት፤ ግን እጀታውን በደንብ ስትጨብጠው ጣቷ ምላጩ ጋ በቅጡ አልደረሰም። ምላጭ የምለው ወታደሮች እንደሚሉት ነው፤ ብዙዎቻችን ቃታ የምንለው፣ በሌባ ጣት የሚሳበው። ሰውየው ምርመራ እንደጨረሰ ሐኪም ራሱን ነቅንቆ «እጅሽ ትንሽ ነው» አላት።

መኪና ውስጥ ገብተን ዝም አልን። እህቴ እጇን መሪው ላይ ዘርግታ እያየችው «ችግሩ እኔ ነኝ እንዴ?» አለች።

ቤት ገብቼ እስኪነጋ ሳነብ አደርኩ። የእሷን ጥያቄ በአጭሩ ልመልሰው ካላችሁኝ፣ አይደለሽም ነው። ረጅሙ መልስ አንድ መቶ ምናምን ዓመት ይፈጃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የቄራው ሙከራ

አሜሪካ በ1898 ከስፔን ጋር ተዋግታ ፊሊፒንስን ያዘች፤ ብዙም ሳይቆይ ከራሳቸው ከፊሊፒንሶቹ ጋር ጦርነት ገጠመች። በደቡቡ ደሴቶች የሞሮ ተዋጊዎች ጎራዴ መዝዘው ሲመጡ፣ የአሜሪካ መኮንኖች የታጠቁት ባለ .38 ሪቮልቨር ሰው አያቆምም የሚል አቤቱታ ጎረፈ። በ1904 ሠራዊቱ ጆን ቶምፕሰን የተባለ መኮንንና ሉዊ ላጋርድ የተባለ የሕክምና መኮንን መድቦ ነገሩን እንዲያጣሩ አደረገ። ሁለቱ ሰዎች ቺካጎ ወደሚገኝ ቄራ ሄደው በከብቶች ላይ ተኮሱ፤ በሰው ሬሳም ላይ ሞከሩ። ዛሬ ስናነበው የሚዘገንን ነው። መደምደሚያቸው ግን አጭር ነበር፤ የጦር ሜዳ ሽጉጥ ጥይቱ ከ.45 ኢንች፣ ማለትም ከ11 ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ ስፋት ማነስ የለበትም።

እኔ በሥራዬ የማውቀው አንድ ነገር አለ። አንድ ሲስተም ከመሠራቱ በፊት «ምን ማድረግ አለበት?» የሚል ዝርዝር ይጻፋል። በዚያ ዝርዝር ላይ ያልተጻፈ ሰው፣ ሲስተሙ ካለቀ በኋላም አይኖርም። የ1904ቱ ዝርዝር የተጻፈው ከአፈሙዙ ወዲያ ላለው ሰው ነው፤ ጥይቱ የሚመታው አካል ተለክቷል፣ ተመዝኗል። ከአፈሙዙ ወዲህ ያለውን፣ የሚይዘውን እጅ ግን ማንም አልለካውም።

ሽጉጡን የሠራው ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ ነው፤ የዩታው ተወላጅ፣ በሙያው ወደር ያልተገኘለት ሰው። ሠራዊቱ በመጋቢት 29 ቀን 1911 ተቀበለው። ሽጉጡም ስሙን ከዓመቱ ወሰደ፤ ኤም 1911። ባዶውን 1.1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ካዝናው ሰባት ጥይት ይይዛል። ድንቅ ማሽን ነው፤ በተግባር ግን ትልቅ ሰው የሚይዘው ድንቅ ማሽን።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በጦርነት ጊዜ ሠራዊት የሚመለምለው እንደ ልቡ መርጦ አይደለም፤ ገበሬውም፣ ጸሐፊውም፣ ትናንት ከመርከብ የወረደው ስደተኛም ይዘምታል። ከእነዚህ ወታደሮች ብዙዎቹ የእህቴ ዓይነት ችግር ገጠማቸው። እጀታውን በትክክል ሲጨብጡት ጣታቸው ምላጩ ጋ አይደርስም፤ ምላጩ ጋ እንዲደርሱ እጃቸውን ሲያዞሩት ደግሞ ሽጉጡ ከክንዳቸው መስመር ይወጣል፣ ጥይቱ ወደ ጎን ይስታል።

ሠራዊቱ ታዲያ ምን አደረገ? «ትለምደዋለህ» አላለም። ብረቱን ቆረጠ። በ1920ዎቹ ምላጩ እንዲያጥር፣ ከምላጩ ኋላ ያለው የብረት አካል በሁለቱም በኩል ለጣት ማለፊያ እንዲጎደጎድ፣ የእጀታው ጀርባ ጎበጥ እንዲል፣ ከላይ ያለው ጭራ እንዲረዝምና የእጅን ሥጋ መዶሻው እንዳይነክሰው ተደረገ። በ1926 ይህ የተሻሻለው ሽጉጥ ኤም 1911ኤ1 ተባለ። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት፣ ኮሪያን፣ ቬትናምን የተዋጋው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እጃቸው ትንሽ ነው የተባሉት፣ ለእነሱ ሲባል ብረት የተቆረጠላቸው ሰዎች ወንዶች ነበሩ፤ ያውም ወታደሮች። ትንሽ እጅ የሴት ችግር ተደርጎ የተቆጠረው በኋላ፣ ሱቅ ውስጥ ነው።

የእመቤቶች ሽጉጥ

ሱቁም የራሱ ታሪክ አለው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1902 ሌዲስሚዝ የሚባል ሪቮልቨር አወጣ። ባለ .22፣ ሰባት ጥይት የሚጎርስ፣ መዳፍ ውስጥ የሚደበቅ ነገር። ስሙ የድርጅቱ ስም ላይ የተሠራ ቀልድ ነው፤ «እመቤት» የሚለው ቃል ከ«ስሚዝ» ጋር ተጣብቆ። ስለዚህ ሽጉጥ እስከ ዛሬ የሚወራ አፈ ታሪክ አለ። ሃይማኖተኛው ዳንኤል ዌሰን ሽጉጡ በሴተኛ አዳሪዎች ዘንድ መወደዱን ሲሰማ ደንግጦ ማምረቱን አስቆመ ይባላል። ጥሩ ወሬ ነው፤ ችግሩ ዌሰን የሞተው በ1906 ነው፤ ሽጉጡ ግን እስከ 1921 ተመርቷል። ሰውየው ከመቃብር ተነሥቶ ካላስቆመው በቀር ወሬው ከዓመቱ ጋር አይገጥምም። ወሬው የሚነግረን ስለ ሽጉጡ ሳይሆን ስለ አውሪዎቹ ነው፤ ሴት ሽጉጥ ከያዘች ወይ እመቤት ናት ወይ «ሌላ» ናት።

በዚያው ዘመን ብራውኒንግ ራሱ ለቤልጂጉ ኤፍኤን ፋብሪካ የደረት ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ከ400 ግራም በታች የምትመዝን ባለ .25 ሽጉጥ ሠራ። ኮልትም በ1908 አሜሪካ ውስጥ ያመርታት ጀመር። ይቺ ሽጉጥ በመቶ ሺዎች ተሸጣለች። ለኪስ ነበር የተሠራችው፤ ለቦርሳም ተመቸች። ቀስ በቀስም አንድ ሐሳብ እንደ እውነት ተቀመጠ፤ ትንሽ እጅ፣ ትንሽ ሽጉጥ። እጀታዋ ሮዝ የሆነችው የሱቁ ሽጉጥ የዚህ ሐሳብ የልጅ ልጅ ናት።

ሐሳቡ ልክ ይመስላል። ትንሽ እግር ትንሽ ጫማ ይፈልጋል አይደል? ግን ሽጉጥ ጫማ አይደለም። ጫማ አይራገጥም።

እርግጫ

ፊዚክስ አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነውን እናስታውስ። ጥይት ወደ ፊት ሲወጣ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይገፋል፤ የሁለቱ ግፊት እኩል ነው። የተለመደውን የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት እንውሰድ። ክብደቱን 8 ግራም፣ ፍጥነቱን በሰከንድ 350 ሜትር ብንል፣ 1 ኪሎ የሚመዝን ሽጉጥ በሰከንድ 2.8 ሜትር ፍጥነት ወደ እጃችን ይመጣል። ሽጉጡ ግማሽ ኪሎ ቢሆንስ? ፍጥነቱ 5.6 ይሆናል። ጉልበቱ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚሄድ ከ3.9 ጁል ወደ 7.8 ጁል ያድጋል። የባሩዱን ጋዝ ትቼ ነው ያሰላሁት፤ እሱ ቢጨመር ይብሳል። ክብደቱ ሲገመስ እርግጫው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ትንሿ ሽጉጥ ለትንሽ እጅ ውለታ አልዋለችም፤ ዕዳ ነው የጫነችባት።

ሁለተኛው ጉዳይ ሞላው ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ትናንሽ ሽጉጦች ጥይት ሲተኮስ የላዩ ብረት ቶሎ እንዳይከፈት የሚይዘው መቆለፊያ የላቸውም፤ የሚይዘው የራሱ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ነው። ብረቱ ትንሽና ቀላል ሲሆን ሥራው ሁሉ ሞላው ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሞላው ይጠነክራል። ትልቁ ሽጉጥ ግን ብራውኒንግ በፈለሰፈው መንገድ አፈሙዙና የላዩ ብረት ለቅጽበት ተቆላልፈው አብረው ስለሚሄዱ ሞላው ያን ያህል መጠንከር አያስፈልገውም። ትልቁ ለእህቴ ተስቦ ትንሿ እምቢ ያለችው ለዚህ ነው። እንደዚሁ «ለሴት ቀላል ነው» እየተባለ የሚሸጠው 400 ግራም ገደማ የሚመዝን ባለ አምስት ጥይት ሪቮልቨር፣ የሚሳብ ብረት ባይኖረውም ምላጩ ረጅምና ከባድ ነው፤ አንዳንዱ ከ5 ኪሎ በላይ ጉልበት ይጠይቃል። የሽጉጡን ክብደት ከአሥር እጥፍ በላይ በአንዲት ሌባ ጣት መሳብ ማለት ነው።

አምራቾቹም ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል። ሩገር በ2008 ኤልሲፒ የምትባል ባለ .380 ሽጉጥ አወጣ፤ ክብደቷ 270 ግራም አይሞላም። ውድድሩ ወደ ታች ነበር፤ ማን ያሳንሳል? ልክ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በዚያው ጥይት የሚሠራ፣ ግን ሆን ብሎ ከፍ ያለ፣ ብረቱ በቀላሉ የሚሳብ ሽጉጥ አወጣ። ስሙም ላይ «ቀላል» የሚል ቃል ለጠፈበት። መቶ ዓመት ሙሉ «አሳንሱት» ሲባል የኖረ ነገር፣ መልሱ «አሳድጉት፣ ግን አስተካክሉት» ሆኖ አረፈው።

አማካይ የሚባል ሰው

ወደ ሠራዊቱ እንመለስ፤ 1926 ላይ የተማረውን ትምህርት ረስቶት ነበርና። ብራውኒንግ በ1926 ሲሞት ጀምሮት የነበረውን ሌላ ሽጉጥ ዲዩዶኔ ሴቭ የተባለ ቤልጂጋዊ ጨርሶት በ1935 ወጣ። አዲሱ ነገር ካዝናው ነው። ጥይቶቹ በአንድ ረድፍ ሳይሆን በሁለት ረድፍ ተሰካክተው አሥራ ሦስት ይሆናሉ። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ዛሬም አብዛኛው ሽጉጥ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ግን ካዝናው የሚቀመጠው እጀታው ውስጥ ነው፤ ካዝናው ሲወፍር እጀታው ይወፍራል። አሜሪካ በ1985 ኤም 1911ኤ1ን ትታ የጣሊያኑን ቤሬታ 92 ስትቀበል፣ አሥራ አምስት ጥይት የሚይዝ ወፍራም እጀታ፣ የመጀመሪያው ጥይት ላይ ደግሞ ከሩቅ የሚሳብ ምላጭ ተቀበለች። ያ ሁሉ የ1920ዎቹ ቆረጣ ተረስቶ ተመሳሳዩ አቤቱታ ከሥር ጀመረ፤ አሁን ደግሞ ሠራዊቱ ውስጥ ሴቶች በብዛት ነበሩ።

የሚገርመው መልሱ በሌላ ክፍል ውስጥ ከተገኘ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር። በ1950 የአሜሪካ አየር ኃይል የአውሮፕላን መቀመጫ ለምን ለአብራሪዎች እንደማይስማማ ለማወቅ ከ4,000 በላይ አብራሪዎችን አስለካ። ጊልበርት ዳንኤልስ የተባለ ወጣት ተመራማሪ 4,063ቱን ሰዎች በአሥር መለኪያ ከአማካዩ ጋር አስተያየ። በአሥሩም ላይ አማካይ የሆነ ስንት ሰው ተገኘ? አንድም። ዜሮ። ለአማካይ ሰው የተሠራው መቀመጫ የተሠራው ለሌለ ሰው ነበር። አየር ኃይሉም አማካዩን ትቶ የሚስተካከል መቀመጫ ጠየቀ። ዛሬ መኪና ውስጥ ስንገባ ወንበሩን ወደ ፊት ወደ ኋላ የምናደርገው በዚህ ሐሳብ ነው።

ለሽጉጥ እጀታ ግን ይህ ሐሳብ ለመድረስ ብዙ ዞረ። የኤፍቢአይን ታሪክ ብቻ ብንወስድ ይበቃል። በ1972 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች የዘመናዊው ኤፍቢአይ መርማሪ ሆነው ገቡ። በሚያዝያ 11 ቀን 1986 ማያሚ ላይ ስምንት መርማሪዎች ከሁለት የባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኩሰው ሁለት መርማሪዎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ገና በመጀመሪያው አንዱን ዘራፊ ያገኘችው የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከልቡ ሳትደርስ ቆማ ነበር፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ነው ብዙውን ጉዳት ያደረሰው። ድርጅቱ ልክ እንደ ፊሊፒንሱ ጊዜ «ጥይቱ ይተልቅ» አለና ወደ 10 ሚሊ ሜትር ሄደ። ሽጉጡ ትልቅና ከባድ ሆነ፣ እርግጫውም ለብዙ መርማሪዎች ከበደ። ባሩዱን ቀነሱለት። ባሩዱ ከተቀነሰ ታዲያ ረጅሙ ቀለህ ምን ያደርጋል? ተብሎ በ1990 አጠር ያለው .40 ተወለደ፤ ይህኛው በ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ መጠን ውስጥ ይገባል። የአሜሪካ ፖሊስ በብዛት ተከተለው። በ2010ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ኤፍቢአይ ተመልሶ 9 ሚሊ ሜትር አለ። ምክንያቱም ጥይቶቹ ራሳቸው ተሻሽለዋል፣ መርማሪዎቹም በ9ኙ ፈጥነውና አስተካክለው ይመታሉ። ሠላሳ ዓመት ዞሮ መነሻው ላይ። እኔ ኮድ ስጽፍ ስንቴ እንዲህ እንደሆንኩ እግዜር ይወቀው።

የጀርመኑ ዋልተር በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ያወጣው ፒ99 ጀርባው ወልቆ የሚቀየር እጀታ ካመጡት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ግሎክ በ2010 ተከተለ። በመጨረሻም በጥር 2017 የአሜሪካ ሠራዊት የቤሬታውን ተተኪ ሲመርጥ፣ መጠኑ ለተለያየ እጅ የሚስተካከል እንዲሆን በመስፈርቱ ውስጥ አስገባ። ያሸነፈው የሲግ ሳወር ሽጉጥ እጀታው በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ መጠን ይመጣል። ከ1911 እስከ 2017 መቶ ስድስት ዓመት ነው። ለእጅ ቁጥር ለመስጠት ይህን ያህል ጊዜ ፈጀ፤ ያውም ቁጥሩ ተለክቶ ተቀምጦ ሳለ። ሠራዊቱ ራሱ በ1988 ባደረገው ልኬት የወንዶቹ እጅ ርዝመት በአማካይ 19.4 ሴንቲ ሜትር፣ የሴቶቹ 18 ገደማ ነበር። ልዩነቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም። ሰው «ችግሩ እኔ ነኝ እንዴ?» እንዲል ያደረገው ይህ ነው።

ከሁሉ የሚያንሰው እጅ

እስከዚህ ያነበብኩትን ሁሉ በደስታ ለእህቴ ነገርኳት። ስዕል ሣልኩላት፣ የእርግጫውን ስሌት አሳየኋት። ሰማችኝና «እሺ፣ ብረቱ በቀላሉ የሚሳብ፣ ምላጩ የሚቀርብ፣ እጀታው የሚቀጥን፤ ለትንሽ እጅ የሚመች ማለት ይኸው ነው?» አለች። ነው አልኳት። ሶፋው ላይ የተኛችውን የአምስት ዓመት ልጇን አየቻትና «የእሷስ እጅ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በስሌቴ ውስጥ አላስገባኋትማ! ቶምፕሰንና ላጋርድ የያዡን እጅ እንደረሱት፣ እኔም በቤቱ ውስጥ ያለውን ትንሹን እጅ ረሳሁት።

ጥያቄው ለሽጉጥ ታሪክ አዲስ አይደለም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1887 ያወጣው መዶሻው የተሸፈነ ሪቮልቨር ከእጀታው ጀርባ አብሮ ካልተጨበጠ የማይተኮስ ሴፍቲ ነበረው፤ ምላጩም ሆን ተብሎ ከባድ ነበር። ሕፃን ልጅ አንሥቶ እንዳይተኩሰው ታስቦ ነው ይባላል፤ ድርጅቱም «ለልጅ አይተኮስም» በሚል ነበር የሚያስተዋውቀው። እዚህ ላይ ነገሩ ይጠላለፋል። ለሕፃን የከበደ ምላጭ ለትንሽ እጅም ይከብዳል፤ ለትንሽ እጅ የቀለለ ምላጭ ለሕፃንም ይቀላል። ብረቱ የእህቴን ጣት ከልጇ ጣት ለይቶ አያውቅም። እኔ በሥራዬ እንደዚህ ዓይነት ነገር ሲገጥመኝ መፍትሔውን ማሽኑ ውስጥ መፈለግ አቆምና ማሽኑ የተቀመጠበትን ቦታ አያለሁ።

ሌላም አለ፤ ለመጻፍ የሚከብደው። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጦር መሣሪያ ከሞቱት ከ48,000 በላይ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሞቱት በገዛ እጃቸው ነው። እኛ ሐበሾች ሽጉጥ ሲነሣ ወዲያው የሚመጣብን መቅደላ ነው፤ ሚያዝያ 1868፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣላቸው ሽጉጥ። በታሪካችን ስመ ጥሩ ሽጉጥ ወደ ጠላት አልተተኮሰም፤ ወደ ባለቤቱ ነው የዞረው። ያን በጀግንነት እናነሣዋለን፤ ንጉሥ እጅ አልሰጥም ብሎ ነውና። የማታ ፈረቃ ሠርቶ፣ ከሀገሩ ርቆ፣ ብቻውን ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን ንጉሥ አይደለም፣ ተራራው ላይም እንግሊዝ የለም። ይህን ለእህቴ እንዴት እንደምላት ሳሰላስል ሰነበትኩ። በመጨረሻ ዞር ሳልል «ሲከፋሽ ለማን ትደውያለሽ?» አልኳት። «ለአንተ» አለች፤ ከዚያ ቆይታ «ለዚህ ነው የጠየቅከኝ?» አለች። አዎ አልኳት። ተያየን፤ አልተቆጣችም።

ልክ

አባቴ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር፤ ማካሮቭ ታጥቋል። ማካሮቭ መቆለፊያ የሌላት፣ ሁሉን በሞላና በክብደት የምትይዝ የሶቪየት ሽጉጥ ናት። ስለ እነዚያ ዓመታት ብዙ አያወራም። ነገሩን ስንነግረው መጀመሪያ ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። «ይቅርብሽ» ይላል ብዬ ስጠብቅ «በጣትሽ ጫፍ ነው የምትስቢው?» ብሎ ጠየቃት። «አዎ አባዬ።» «አይደለም። ደረትሽ አጠገብ አምጪው። የላዩን ብረት በመዳፍሽ ሙሉ ጨብጠሽ ያዥ፤ አትሳቢው። የያዝሽበትን እጅ ወደ ፊት ግፊው። አፈሙዙ ወደ ሰው እንዳይዞር ብቻ። ጣትሽም ምላጩ ላይ አይሁን።» አርባ ዓመት ያህል ያልነካውን ነገር፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያየው ይመስል ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽጉጥ እያከራየ ወደሚያስተኩስ ቦታ ሄድን። ከአሠልጣኟ፣ ፀጉሯ ከሸበተ ደርባባ ሴትዮ፣ የተማርነው ነገር ይኼ ነው። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ። ከዚያ እጀታው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ሥጋ መሐል መቀመጡን፣ አፈሙዙ ከክንድ አጥንት ጋር በአንድ መስመር መዋሉን ማየት። እጅን ሳያዞሩ የሌባ ጣት የመጀመሪያ አንጓ ሥጋ ምላጩ ላይ ከደረሰ ልክ ነው፤ ጫፉ ብቻ ከደረሰ ትልቅ ነው። የላዩን ብረት አሥር ጊዜ ደጋግሞ መሳብ፤ አንዴ መሳብ ፈተና አይደለም። ካዝናውን በጥይት መሙላትም ጣት ያደክማል፣ እሱንም መሞከር። በመጨረሻ ተኩሶ ማየት፤ አምስት ሳይሆን ሃምሳ ጥይት፣ ምክንያቱም ሕመም የሚመጣው በኋላ ነው። ስለ ቀለም ምንም አላለችም።

እህቴ አራት ሽጉጥ ሞከረች። ትንሿ ሦስት ጥይት ላይ እጇን አሳመመቻት። ከሁሉ የተስማማት መካከለኛ፣ በ9 ሚሊ ሜትር የሚሠራ፣ ጀርባው ወደ ትንሹ የተቀየረ፣ ከሱቁ ሮዝ ሽጉጥ እጥፍ የሚመዝን ሆነ። በአባቴ መንገድ ብረቱን ሳበችው፤ ተሳበ። ዞራ አየችኝ፤ ከልጅነታችን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

አልገዛችውም፤ ገና። መጀመሪያ ያዘዘችው በጣት ቁጥር የሚከፈት የብረት ሳጥን ነው፤ መጣና አልጋዋ አጠገብ በብሎን አሰርኩላት። ኢንጂነር አይደለሁ? የፈረቃ ለውጥም ጠይቃለች፤ መልሱን እየጠበቀች ነው። እስከዚያ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መኪናዋን ስታቆም ትደውልልኛለች፤ ሃምሳዋን እርምጃ እያወራን እንጨርሳታለን።

ባለፈው ሳምንት ሳጥኑን ልፈትሽ ብዬ ባዶውን ዘጋሁና የእህቴን ልጅ ጠራኋት። «እስቲ ክፈቺው» አልኳት። በትንሽ እጇ ታገለች፣ ቁልፎቹን ሁሉ ነካካች፣ ገለበጠችው፣ ደበደበችው። እምቢ አላት። «አጎቴ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አለችኝ።

አልተበላሸም አልኳት፤ ልክሽ ስላልሆነ ነው።